እምብርት የሌለው ቁስል

«መሬማ ትውሰድላቸው። እሷን ከእንግዲህ አይነካትም።»

ከድጄ ይህን የሰማችው ከሸንበቆው ግርግዳ ወዲህ ሆና፣ ሻሿን ገና ሳታስር ነው። ተናጋሪው ታናሽ ወንድሟ ሰይዶ፣ ሰሚዋ የሰይዶ ሚስት ዘይባ ነበረች፤ ነገሩም ስለ አንድ ገበታ ገንፎ ነው። የሰይዶ ቤት ቡታጅራ ላይ ቆርቆሮ ከለበሱት ጥቂት ቤቶች አንዱ ስለሆነ ከውጭ ሲያዩት የትልቅ ሰው ቤት ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሁለት ክፍል ብቻ ነው። የፊተኛውን የማረቆ በርበሬ ጆንያና የጨው ክምር ስለያዘው ባልና ሚስት ከአንድ ልጃቸው ጋር በጆንያዎቹ መሀል ተሸጉጠው እያስነጠሱ ያድራሉ። ጓዳውን ባሏ የሞተባት ከድጄና የሟች ወንድሟ ልጅ፣ የቲሟ መሬማ፣ ይጋሩታል። መሀሉን የሚለየው ሸንበቆ ስለሆነ እዚያ ቤት ምስጢር የሚባል ነገር የለም፤ ያለው እንዳልሰሙ መሆን ነው። ከድጄም በወንድሟ ቤት ከተጠለለች ወዲህ በዚህ ሥራ እጇን አፍታታ ነበር።

የዛሬው ግን አላስቻላትም። ለአክስቷ ልቅሶ ገጠር ሄዳ አራት ቀን ቆይታ የተመለሰችው ትናንት ነው። እሷ በሌለችበት እንግዳይቱ ከተማው ገብታለች። ፈንጣጣን በስሟ የሚጠራ የለም፤ ስሟን ስትሰማ ተጠራሁ ብላ ትመጣለች ስለሚባል «እንግዳይቱ» ነው የሚሏት። ያረፈችውም ከገበያው በላይ፣ በርበሬ ከማረቆ በበቅሎ እየጫነ ለሰይዶ በሚያመጣው በዱባለ ቤት ነው። ዱባለ ክርስቲያን፣ ሰይዶ እስላም ቢሆኑም አሥር ዓመት አብረው ነግደዋል። ሰይዶም ወዳጁን አልተወውም፤ ሥጋ እንዳይልክ እምነት ይለያቸዋል፣ ገንፎ ግን ቢስሚላህ ተብሎበትም በአብ ተብሎበትም ይበላል ብሎ በየጧቱ ገንፎ ያስገነፋል። ሰይዶ ክፉ ሰው አልነበረም። ቸርነቱን በሌላ ሰው እጅ ማድረስ ይወድ ነበር እንጂ።

ከድጄ ሻሿን እያሰረች ወጣች። መሬማ ገበታውን ተሸክማ በሩ ላይ ደርሳለች። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ዓይኗ የሟች አባቷን የሙሀመድአወልን የመሰለ። በግራ ክንዷ ላይ፣ ከእጅጌዋ በታች፣ ጨርቅ ተጠምጥሞበታል።

«ስንት ቀን ሆናት?» አለች ከድጄ።

«ምኑ?» አለች ዘይባ፣ ቀና ሳትል።

«ዱባለ ቤት መመላለስ ከጀመረች።»

«ማክሰኞ ነው የጀመረችው። ዛሬ አራተኛዋ። ምነው እትዬ? ተከትባ የለ እንዴ! ቁስሏን አላየሽም? እንደ ባቄላ ቁጢጥ ብሎ ወጥቶላት! የሷን ዕድል ለኔ ልጅ በሰጠው።»

ከድጄ ገበታውን ከልጅቷ እጅ ተቀበለች። «ዛሬ እኔ እወስደዋለሁ» አለች። ማንም አልተከራከራትም። ፊቷን በልጅነቷ እንግዳይቱ አርሳው ሄዳለች፤ ጉንጯ ላይ የቀረው ጉድጓድ ምስር ያስቀምጣል እያሉ እኩዮቿ ይስቁባት ነበር። ያንን ፊት የያዘ ሰው በሽታው ሁለተኛ እንደማይዘው ሁሉም ያውቃል። ሰይዶ ከጆንያ ጀርባ «ስትመለሺ ከታቢውን አያ ወልደአማኑኤልን ጥሪልኝ እትዬ፤ ዛሬ ስምንተኛ ቀኗ ነው፣ ከመሬማ ክንድ ለከድሮ ይውሰዱለት» አላት። ከድሮ አንድያ ልጁ ነው፤ ከሁለት የሞቱ በኋላ የመጣ፣ አምስት ዓመት የሞላው። እሷ ግን ቀድሞውኑ መንገዱን ጀምራለች፤ ሩጫ ሊሆን ጥቂት በቀረው እርምጃ።

ምክንያቱም ያ ቁስል ክትባት እንዳልሆነ በዚህ ምድር ላይ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓርብ የጣሊያን ሐኪም ገበያው ዳር ድንኳን ተከለ። በገበያው መሀል ነጋሪ እየዞረ፣ ልጁን ያላስከተበ ነጋዴ ከእንግዲህ ገበያ ላይ ጆንያ እንደማይዘረጋ፣ ያስከተበ ማኅተም ያለው ወረቀት እንደሚሰጠው፣ መድኃኒቱን አጥቦ ያወጣ ደግሞ ሃያ አምስት ጅራፍ እንደሚጠብቀው ለፈፈ። በወልቂጤ በኩል የመጡ ነጋዴዎች «ጣሊያን የሚጭረው ልጅ ሲያድግ አይወልድም» የሚል ወሬ ይዘው ስለነበር ገበያው ሁሉ ልጅ እንደሌለው ሆነ። ሰይዶ አሰበበት። ከድሮን ከበርበሬ ጆንያ ኋላ ደበቀው፤ ሕፃኑም ቀኑን ሙሉ ሲያስነጥስ ዋለ። ከዚያ የመሬማን እጅ ይዞ ድንኳኑ ዘንድ ሄደና «ልጄ ናት፤ ያለችኝ ይህችው ብቻ ናት» ብሎ አስመዘገባት። ልጅቷ አጎቷ «ልጄ» ሲላት የመጀመሪያዋ ስለሆነ በምላጭ ሲጭሯት እንኳ አላለቀሰችም፤ ፈገግ ብላ እሱን እሱን ታይ ነበር አሉ። ሰይዶ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ዕቅዱም ለራሱ ሲያስበው የሚያምር ነበር፤ መሬማ ከተረፈች በስምንተኛው ቀን አገሬው ከጥንት እንደሚያደርገው ከቁስሏ ውሃ ተወስዶ ለከድሮ ይከተብለታል። የጣሊያን መድኃኒት የጣሊያን እጅ ሳይነካው ቤቱ ይገባል ማለት ነው።

ከድጄ ደግሞ የራሷን አሰበች። ወንድሟ ሙሀመድአወል ሰሜን ዘምቶ የቀረው በጥይት አይደለም። አብሮት የነበረ ሰው ተመልሶ እንደነገራት፣ ጣሊያን ከሰማይ እንደ ካፊያ ያለ ነገር አዘነበበት፣ ቆዳው እንደ ተቀቀለ ድንች ተላጠ፣ ሦስት ቀን ውሃ ውሃ ሲል ሞተ። ያንን ያዘነበ እጅ ዛሬ ለሙሀመድአወል ልጅ ክንድ ደግ አሰበ ቢሏት እንዴት ትመን? ሰይዶ ወረቀቱን ለጎረቤት ሲያሳይ፣ እሷ መሬማን ወንዝ ወሰደቻት፤ ጭረቱ ሳይደርቅ በእንዶድ አሸችው፣ ሎሚ ጨመቀችበት፣ በአፏ እየመጠጠች ተፋችው። ልጅቷ ያኔ ነው ያለቀሰችው። «ለማንም አትንገሪ፤ የአባትሽን ሥጋ የበላውን ነው ያወጣሁልሽ» አለቻት። በሦስተኛው ቀን ቦታው አብጦ መግል ያዘ። ቤተሰቡ «ወጣላት! ያዘላት!» ብሎ ተደሰተ። ከድጄም አፏን ዘጋች። ዝምታዋ ማንን ይጎዳል? እሷ ወደ ልቅሶዋ ስትሄድ ከተማው ሰላም ነበር።

የዱባለ ደጅ ላይ የተቀደደ የእንሰት ቅጠል በእንጨት ታስሮ ተተክሏል፤ አትግቡ ማለት ነው። ከድጄ አልፋው ገባች። ቤቱ መስኮት የለውም፣ ሽታው ግን በበሩ ይወጣ ነበር። ዱባለ እግሩን ዘርግቶ ግርግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፤ እሱ አልታመመም፣ ግን የተቀመጠው ታሞ ከሚተኛ ሰው ይብሳል። ትልቁ ልጁ ሐሙስ ጧት ሞቶ የቀበረው ብቻውን ነው፤ ቀባሪ አልመጣለትም። የሺመቤት፣ ሚስቱ፣ ቁርበት ላይ ተኝታ ሕፃን አቅፋለች። የሕፃኑ ፊት ፊት አይባልም፤ ውሃ የቋጠሩ ጉብታዎች ተደርድረውበት ዓይኑ የቱ ጋ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። በየጉብታው አናት ላይ ጎድጎድ ያለ ነጥብ አለ። ከድጄ ያንን ነጥብ ታውቀዋለች።

«ዛሬ ልጅቷ ለምን ቀረች?» አለች የሺመቤት፣ ድምጿ እየተቆራረጠ። «እኔ አቅም ሳጣ ሕፃኑን እያቀፈች ታባብልልኝ ነበር። ትዘፍንለታለች እኮ። በሷ እቅፍ ውስጥ ሲሆን ዝም ይላል።»

ከድጄ ገንፎውን አስቀመጠች። አንድ ጉርሻ ለሴትዮዋ አጎረሰች፣ ሁለተኛውን ከእጇ ጣለችው። «ነገም እኔ ነኝ የምመጣው» አለች። ሦስት ቀን። ሦስት ቀን አቅፋ ዘፈነችለት። ከዚያ ቤት እንዴት እንደወጣች አታስታውሰውም፤ ወንዙ ዳር ተንበርክካ እጇንና ክንዷን በአመድ ስታሽ ነው ራሷን ያገኘችው።

አያ ወልደአማኑኤል የሚኖሩት ከገበያው ማዶ ነው። በክስታኔ አገር ተወልደው፣ በመስቃን አርጅተው፣ እስላም ክርስቲያን ሳይሉ የሦስት ትውልድ ልጅ የከተቡ ሽማግሌ ናቸው። ዋጋቸው አንድ ዶሮና አንድ ቁራጭ ጨው ነበር፤ ዘንድሮ ጨው ስለተወደደ ዶሮዋ ብቻ ትበቃለች ይላሉ። ከድጄ ስትደርስ ደጃቸው ላይ ምላጭ በቆዳ እየሳሉ ነበር።

«መጣሽ? እኔ እኮ ሥራ ፈት ሆኛለሁ፤ ጣሊያን አገሬን የወሰደ መስሎኝ ዝም ብል፣ ለካ የመጣው ዶሮዎቼን ሊቀማኝ ነው!» አሉና ሳቁ። ፊቷን ሲያዩት ግን ሳቃቸውን አቆሙ። «ማን ሞተ?»

«ከቤታችን እስካሁን ማንም።»

«እስካሁን!» አሉ ሽማግሌው። ምላጩን በጨርቅ ጠቅልለው ተነሡ።

በመንገድ ላይ ልትነግራቸው ሦስት ጊዜ አፏን ከፈተች። ገበያው መሙላት ጀምሯል፤ ባላገሩ ሊሬ አልቀበልም፣ ጠገራ ብር ካላየሁ በርበሬዬን አልፈታም እያለ ይከራከራል፤ አንዱ አስካሪ፣ የጣሊያን ጥቁር ወታደር፣ በጅራፉ እጀታ ጆንያ እየነካ ወረቀት ይጠይቃል። ሽማግሌው ያወራሉ። የጣሊያኑ መድኃኒት ከላም የተወሰደ ነው ይባላል፣ አይገድልም ይባላል። «የኔ እኮ ራሷን እንግዳይቱን ነው በትንሽ በር የሚያስገባው። አብዛኛው ሁለት ቀን አተኩሶት ይነሣል። አንዳንዱ ጋ ግን በትንሽ በር ያስገባኋት ቤቱን ሁሉ ትይዛለች። እነዚያን አልረሳቸውም፤ ስማቸውን አንድ በአንድ እነግርሻለሁ። የላሙ እውነት ከሆነ ዶሮዎቼን ይውሰዳቸው።»

ቤት ሲደርሱ ሰይዶ ደጃፉን አስጠርጎ፣ ለሽማግሌው በርጩማ አውጥቶ፣ ነጭ ዶሮ እግሯን አስሮ ይጠብቃል። ዘይባ ከድሮን ገላውን አጥባ አዲስ ቀሚስ አልብሳዋለች። መሬማ መሀል ላይ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ እሷን የሚያይበት ቀን ስለሆነ ደስ ብሏታል፤ ጨርቁን ራሷ ፈታችው። አያ ወልደአማኑኤል ክንዷን ወደ ብርሃን አዞሩት። ጎንበስ አሉ። ቀና አሉ። ደግመው ጎንበስ አሉ።

«እምብርቱስ?» አሉ።

«የምን እምብርት?» አለ ሰይዶ።

«የክትባት ቁስል መሀሉ ላይ እምብርት አለው፤ ጎድጎድ ይላል፣ ዙሪያው እንደ ቀለበት ይቀላል። ከላምም ይምጣ ከሰው፣ ያለ እምብርት አይወጣም። ይህ ዝም ብሎ የመገለ ቁስል ነው። እሾህ የወጋው፣ እሳት የፈጀው...» ሽማግሌው ልጅቷን ትተው የከድጄን ፊት አዩ፤ ሳይቆጡ፣ እንደ ቁስሉ አድርገው ወደ ብርሃን አዙረው የሚያዩት ይመስል። «ወይም የታጠበ።»

ዶሮዋ ብቻ መሬቱን ትቧጥጣለች። መሬማ «ለማንም አልነገርኩም!» አለች፤ አክስቷን ልታድን።

ከድጄ ነገረቻቸው። ወንዙን፣ እንዶዱን፣ ሎሚውን፣ የሙሀመድአወልን ቆዳ ሁሉ ነገረቻቸው። ሰይዶ በርጩማው ላይ ራሱ ተቀመጠበት። ሰው የሚጠብቀው ጩኸት ነበር፤ ዘይባ ግን በዝግታ ነው የተናገረችው። «ልጄ በዚህ መግል ሊከተብ ነበር? እትዬ፣ ተከትቧል ብዬ በሰፈሩ እለቀው ነበር እኮ! ዱባለ ቤት ድረስ እንኳ ይሄድ ነበር!»

«መሬማ ሄዳለች» አለች ከድጄ። «ሦስት ቀን። ሕፃኑን አቅፋ።»

ይህን ሲሰማ ሰይዶ ቀና ብሎ አላየም። ዘይባ ግን ከድሮን ወደ ጉያዋ ሳበችውና ከመሬማ አንድ እርምጃ ራቀች። አንድ እርምጃ ብቻ ናት፤ መሬማም አየቻት።

ሽማግሌው ጨርቁን በልጅቷ ክንድ ላይ መልሰው ጠመጠሙ። እንግዳይቱ ከተነካ ሰው ላይ ትኩሳቷን የምትልከው በአሥራ ሁለት ቀን ግድም ነው አሉ። ክትባት በነዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከገባ ቀድሟት ይደርሳል፤ ከዘገየ ግን የሚደርሰው ቤቱ ከተያዘ በኋላ ነው። እሳቸው ከዱባለ ቤት ወስደው እንዲከትቡ አይጠይቋቸው፤ የዘንድሮዋ ክፉ ናት፣ በትንሽ በር አትገባም። «የጣሊያኑ ድንኳን ዛሬ ቁስል ሊያይ ተመልሷል። ከቀትር በኋላ ወደ ሆሳዕና ይነሣል አሉ። ሩጡ።»

ሰይዶ ከድሮን ታቀፈ፣ ከድጄ የመሬማን እጅ ያዘች። «ሁለቱንም ነው የምናስከትባቸው» አለ ሰይዶ መንገድ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ሁለቱንም ነው እትዬ።» ይህን ሲል ከልቡ ነበር። ከድሮ ወደ ገበያ የሚሄድ መስሎት አባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ሸንኮራ ይለምናል። መሬማ ለመድረስ ትሮጣለች።

ድንኳኑ ግማሹ ፈርሷል። ሐኪሙ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ያለፈው ዓርብ ልጆች ክንዳቸውን ገልጠው ሲያልፉ ያያል፤ ወባ ያመነመነው፣ ቢጫ የሆነ፣ ላቡን በመሀረብ የሚጠርግ ሰውዬ ነው። ከድጄ በሐሳቧ ስትስለው የኖረችው ቀንድ ያለው ነገር ነበር፤ ይህ ግን የደከመው ሰው ብቻ ሆነባትና ይበልጥ ግራ ገባት። አጠገቡ አስተርጓሚው ፈቃደ ቆሟል፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ካኪ ለባሽ፣ እርሳስ ጆሮው ላይ የሰካ።

«አልቋል» አለ ፈቃደ ገና ሳይናገሩ። «ባለፈው ዓርብ ልጆቻችሁን ጆንያ ውስጥ ደብቃችሁ፣ ዛሬ ሰው ሲሞት ሩጫ! ለመከተብ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ግን አልቋል። አንዲት ቀሰም ቀርታለች።» እንደ ስንደዶ የቀጠነች፣ ሁለት ጫፏ የተደፈነ የብርጭቆ ቀሰም ከሳጥኑ አንሥቶ አሳያቸው። «ለአንድ ልጅ። ያውም ላልተመዘገበ፤ የተመዘገበ አይደገምም፣ ሕጉ ነው። ይህች ልጅ ተመዝግባለች፤ አውቃታለሁ፣ ስትጫር የሳቀችው ናት። ይሄኛው የማነው?»

ሰይዶ ከድሮን ትከሻው ላይ አመቻቸው። ባለፈው ዓርብ በዚሁ ሰው ፊት ያለችኝ እሷ ብቻ ናት ብሏል። ዛሬ ይህም ልጄ ነው ቢል መንግሥትን መዋሸቱ ነው፤ ጅራፍ አለ፣ ወረቀቱ መቀደድ አለ፣ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ቀሰሟ ወደ ሳጥኗ ትመለሳለች። ከድሮ ትከሻው ላይ ሆኖ የአባቱን ጆሮ ይጎትታል። ከድጄ ወንድሟን አየችው። ምን ሊል እንደሆነ ቀድማ አወቀች፤ ብታውቅም ልታቆመው አልቻለችም።

«የሟች ወንድሜ ልጅ ነው» አለ ሰይዶ። «የሙሀመድአወል። የቲም ነው፤ ሰው የለውም።»

መሬማ አጎቷን ቀና ብላ አየችው። ፈቃደ እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ጻፈ። ሐኪሙ «የቲም» የሚለው ሲተረጎምለት ራሱን ነቀነቀና ቀሰሟን ለመስበር እጁን ዘረጋ።

ያኔ ከድጄ ወደፊት ወጣች። «ጌታዬ፣ ለዚህች ነው! ለዚህች ይሁን! መድኃኒቱን እኔ ነኝ አጥቤ ያወጣሁት፣ በእንዶድ ነው ያወጣሁት፣ እሷ አታውቅም፤ ጅራፉን ለኔ ስጡኝ። ከታመመ ቤት ሦስት ቀን ውላለች። እሱ ገና አልተነካም፤ እሱ ይቆያል፣ እሷ አትቆይም! ንገረው፣ አስተርጉምለት፣ እባክህ ንገረው!» እንዲህ ያለ ረጅም ንግግር በሕይወቷ ተናግራ አታውቅም።

ፈቃደ እሷን አየ፣ ሰይዶን አየ፣ ከዚያ ድንኳኑ ማዶ ጅራፉን በክንዱ ያንጠለጠለውን አስካሪ አየ። ወደ ሐኪሙ ዞሮ በጣሊያንኛ አጭር ነገር ተናገረ። ሁለት ቃል ቢሆን ነው። ሐኪሙ ወደ ከድጄ ዞሮ ፈገግ አለ፤ ጎንበስ ብሎ የመሬማን ክንድ ከሩቅ ተመለከተና «ቤኔ፣ ቤኔ» አለ፤ ጥሩ ነው ማለቱ ነበር። መዝገቡ ላይ በስሟ አንጻር ምልክት ተደረገ። ቀሰሟም ጠቅ ብላ ተሰበረች፤ ከድሮ ጮኸ።

«ምን አልከው?» አለች ከድጄ።

«አክስታቸው ናት፣ ታመሰግንሃለች አልኩት» አለ ፈቃደ፣ ከመዝገቡ ቀና ሳይል፣ ድምጹን ዝቅ አድርጎ። «ያልሽውን ብነግረው አንቺን ሃያ አምስት፣ ወንድምሽን ሃምሳ ይገርፏችኋል፤ ቀሰሟም ለማንኛችሁም አትሆንም። ሂጂ። በስምንተኛው ቀን ከዚህ ልጅ ክንድ አስወስጂላት። ሂጂ አልኩሽ፣ ሰው እያየን ነው።»

ወደ ቤት አቀኑ። ከድሮ ሸንኮራ ተገዝቶለት እያነከተ፣ የተጫረ ክንዱን ለአላፊ አግዳሚው ያሳያል። መሬማ ከሰይዶ ኋላ ኋላ ትሄድ ነበር። ገበያውን ሲወጡ አንድ ጊዜ ብቻ የከድጄን ቀሚስ ጎተት አድርጋ «አክስቴ፣ አባዬ አሁን የከድሮ ሆነ?» አለች። ሰይዶ ሰምቷል። ጀርባው እንደሰማ ያስታውቅ ነበር፤ ግን አልዞረም፣ እርምጃውን ፈጠን አደረገ።

አያ ወልደአማኑኤል በርጩማው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር፤ የሆነውን በሙሉ ሰምተው ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። ዛሬ ለከድሮ የገባው በስምንት ቀን ይበስላል። ያኔ የመሬማ አሥራ አንደኛ ቀኗ ነው። «ይደርሳል አልልም። አይደርስም ብዬም ተስፋ አልቆርጥም። አንዳንዱ አካል ያዘገያታል። በስምንተኛው ቀን ጧት፣ ፀሐይ ሳትወጣ መጥቼ ከሱ ለሷ እወስዳለሁ፤ ዶሮም አልፈልግም። እስከዚያ ልጅቷ ከቤት ትለይ፤ ከሷ ጋር የሚቀመጠው ፊቱ የተጻፈበት ሰው ይሁን።» ይህን ብለው የሁሉንም ዓይን ፈለጉ፤ እሺታ የሚጠብቁ ናቸው።

ሰይዶ «እሺ» አለ። ወደ ዘይባ ሳያይ ነው ያለው።

ዘይባ ከድሮን ጭኗ ላይ አስቀምጣው ነበር። ጧት ለመሬማ ክንድ ብላ ልጇን አጥባ አዲስ ቀሚስ ያለበሰች ሴት፣ አሁን የልጇን እጅጌ ቀስ አድርጋ እስከ አንጓው ድረስ ወደ ታች ሳበችው። «ቁስሉ ይከፈታል?» አለች።

«ትንሽ ይከፈታል።»

«ከዚያ ቤት የዋለች ልጅ አጠገቡ ልትቀመጥ?»

ሽማግሌው መለሱላት፤ ምላጩ እንደሚታጠብ፣ የልጁ ክንድ እንደማይጎዳ፣ ራሱ ያኔ የተጠበቀ እንደሚሆን ሁሉ ነገሯት። ሰማቻቸው፤ አልተቃወመችም። እጇ ግን ከእጅጌው ላይ አልተነሣም። ከድጄ ወደ ወንድሟ አየች፤ ወንድሟ የዶሮዋን ገመድ ይፈታ ነበር፣ ቋጠሮው ያስቸገረው ይመስል። ከድጄ ስለ እጅጌው ልትናገር የምትችለው ብዙ ነበር። ልጅ ከክፉ ልጠብቅ ብላ የወጣችበት መንገድ የት እንዳደረሳት እያየች በሌላዋ እናት ላይ ምን አፍ ይኖራታል?

ከእንሰቱ ጓሮ ውስጥ ጥጃ ይታሰርባት የነበረች ጎጆ አለች። ከድጄ ቁርበትና አንድ ጋቢ ይዛ መሬማን ወደዚያ ወሰደቻት። ልጅቷ ብዙ አልጠየቀችም። ገና የቀትር ፀሐይ ቢሆንም ውስጡ በእንሰቱ ጥላ አረንጓዴ ጨለማ ነበር። ከደጅ ከድሮ እየጠራት ይሰማል፣ «መሬማ! ነይ የኔን እይ!» እያለ፤ ከዚያ የዘይባ ድምጽ፣ ከዚያ ሲጎተት ማልቀሱ፣ ከዚያ የበር መዘጋት። መሬማ ልትነሣ ከተሰናዳችበት ቁጭ አለች።

«አክስቴ፣ ስምንት ቀን ስንት ገበያ ነው?»

«አንድ ነው። አንድ ዓርብ ብቻ።»

«ቅርብ ነዋ።» ጋቢውን እስከ አገጯ ሳበችና ዓይኗን ከደነች። ትንሽ ቆይታ ለዱባለ ሕፃን ስትዘፍንለት የነበረውን ሳይሆን አይቀርም፣ ከድጄ የማታውቀውን ዜማ በአፍንጫዋ ማንጎራጎር ጀመረች። ከድጄ መዳፏን ግንባሯ ላይ አሳረፈች። ቀዝቃዛ ነበር፤ ጤነኛ የልጅ ግንባር ነበር። ዜማው ቀስ በቀስ ጠፋ፣ ልጅቷ እንቅልፍ ወሰዳት። ከድጄ ግን እጇን አላነሣችም።